ቮሊ፣ ሬትሮፊት ወይስ ኬቶር? ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ጥያቄ

ቮሊ፣ ሬትሮፊትና ኬቶር የስልክ አፕ ከሰርቨር ጋር እንዲነጋገር የሚያደርጉ ላይብረሪዎች፣ ማለት ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ናቸው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ሆነን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የአንድሮይድ አፕ እየሠራን ነው። የዩኒየኑ ሠራተኞች ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ እየዞሩ ጤፍና ስንዴ ይረከባሉ። የገበሬውን ስም፣ የእህሉን ዓይነትና ኩንታሉን ስልክ ላይ ሞልተው ወደ ሰርቨራችን ይልካሉ። የምንጽፈው በኮትሊን ነው። ሁለት ገጽ በቮሊ ጀምረናል። አንዱ ጓደኛችን ‹ሬትሮፊት ይሻላል› ይላል፤ ሌላው ‹ወደፊት አይፎን ላይ መሥራታችን ስለማይቀር ኬቶር እንጀምር› ይላል። የትኛውን እንያዝ? ደግሞ ሠራተኞቹ ‹ላክ ስንለው ዝም ይላል፣ ደግመን ስንጫን ሁለቴ ይመዘገባል› እያሉን ነው።»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለእናንተ ሥራ መልሴ አጭር ነው። ሬትሮፊትን ከኦክኤችቲቲፒ ጋር ያዙ። ኮዳችሁ ኮትሊን ነው፣ አሁን የምትሠሩት ለአንድሮይድ ብቻ ነው፣ ቡድናችሁም ትንሽ ነው። ለዚህ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ከጥያቄሽ ሁሉ ግን ቀልቤን የያዘው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ሠራተኞቹ የነገሯችሁ ችግር ላይብረሪ በመቀየር ብቻ አይጠፋም። ላይብረሪ ጥያቄውን ያደርሳል፣ መልሱን ያመጣል። መልሱ መንገድ ላይ ሲቀር ምን ይደረግ የሚለውን የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ። ስለ ምርጫው ቶሎ ብዬ ላስረዳሽና ወደዚያ እሄዳለሁ።

እስካሁን የጠራናቸው ስሞች አንድ ደረጃ ላይ ያሉ አይደሉም። ኦክኤችቲቲፒ ከሰርቨር ጋር ግንኙነት ይከፍታል፣ ባይቱን ይልካል፣ ይቀበላል። ሬትሮፊት ከእሱ በላይ ያለ ንብርብር ነው። የሰርቨራችሁን አድራሻዎች እንደ ኮትሊን ኢንተርፌስ ትጽፊያቸዋለሽ፤ ጄሰኑን (መረጃው የሚላክበትን የጽሑፍ ቅርጽ) ወደ ዳታ ክላስ የመለወጡን ሥራ እሱ ይይዝልሻል። ሁለቱም ከስኩዌር የወጡ ናቸው፣ ኮዳቸውም ለሁሉም ክፍት ነው። ኬቶር የጄትብሬይንስ ነው። ከሥሩ የሚሠራለት ሌላ ሞተር ይፈልጋል፤ አንድሮይድ ላይ ያ ሞተር ብዙ ጊዜ ያው ኦክኤችቲቲፒ ነው። እንግዲህ የሁለቱ ጓደኞችሽ ክርክር እናንተ እንዳሰባችሁት የተራራቀ አይደለም።

ቮሊ የጎግል ነው። በ2013 በጎግል አይኦ ጉባኤ ላይ ነው የቀረበው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ያኔ አንድሮይድ ላይ አንድ ጥያቄ ለመላክ ብዙ ኮድ ይጻፍ ነበር። ቮሊ ወረፋ፣ ካሽና የምስል መጫኛ በአንድ ላይ ይዞ መጣ፤ ትልቅ እፎይታ ነበር። ዛሬም ትንንሽ መረጃ ደጋግሞ ለማምጣት አይከፋም። ለእናንተ ሥራ የማልመክረው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛው ከቅሬታችሁ ጋር ቀጥታ የተያያዘ ነው። ቮሊን እንዳለ ብትጠቀሚበት መልስ የሚጠብቀው 2.5 ሰከንድ ብቻ ነው። ካልመጣለት ደግሞ አንድ ጊዜ በራሱ ይሞክራል። ይህን ሲያደርግ ጥያቄው መረጃ የሚያመጣ ይሁን ወይም አዲስ መዝገብ የሚጽፍ ይሁን አይለይም። አሁን አስቢው። የገበያ ቀን ነው፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ አንድ አንቴና ላይ ተጨናንቋል፣ ሰርቨሩ መልሱን በ4ኛው ሰከንድ ላይ ነው የሚያደርሰው። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ቢጫንም ቮሊ ሁለት ጊዜ ሊልከው ይችላል። በሠራተኛው ጣት ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን ፈትሹ። ቅንብሩን የሚቀይረው «ሪትራይ ፖሊሲ» የሚባለው ነው። ሙከራውን ዜሮ፣ ጥበቃውን 30 ሰከንድ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ቮሊ መልሱን በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይዞ ነው የሚተረጉመው። ነገ የገበሬውን መታወቂያ ፎቶ ወይም ረጅም የገበሬዎች ዝርዝር ማውረድ ስትጀምሩ፣ ራሙ ትንሽ የሆነ ስልክ ይቸገራል። ሦስተኛው ስለ አማርኛ ፊደል ነው፤ ወደ ኋላ ላይ ለብቻው እነግርሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቮሊ በአብዛኛው የሚሠራው ስልኩ ውስጥ አብሮ በመጣው የኤችቲቲፒ ክፍል ላይ ነው። ያ ክፍል ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ከውስጥ የኦክኤችቲቲፒ ኮድ ነው፤ ግን ስልኩ ሲመረት የገባ ስለሆነ እናንተ ልታድሱት አትችሉም። ኦክኤችቲቲፒን ራሳችሁ አፑ ውስጥ ስታስገቡ አሮጌው ስልክም አዲሱም አንድ ዓይነት ኮድ ያሂዳል። ቢቸና ያለው ሠራተኛ የያዘው ስልክና እናንተ ቢሮ የምትፈትኑበት ስልክ አንድ ስላልሆነ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ኦክኤችቲቲፒ ከ3.13 እትም ጀምሮ አንድሮይድ 5.0ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ስለ ኬቶር። ጓደኛሽ የሚለው መሠረት አለው። የአይፎኑ አፕ በእርግጥ ተቆርጦ ከታወቀ፣ የመላኪያውንና የማከማቻውን ኮድ ለሁለቱም በአንድ ላይ በኮትሊን ልትጽፉት ካሰባችሁ ኬቶር ይሻላል። «ወደፊት አይቀርም» ግን ውል አይደለም። ዩኒየኑ ለሠራተኞቹ የሚያድለው ስልክ አንድሮይድ ነው፤ አይፎን የሚይዙት ምናልባት ቢሮ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ለእነሱም ድረ ገጽ ሊበቃ ይችላል። ዛሬ ኬቶርን ለዚያ ቀን ብሎ መሸከም ዛሬ ያለባችሁን ሥራ ያዘገያል። በዚያ ፈንታ የመላኪያውን ኮድ አንድ ቦታ ሰብስቡት። የስክሪኑ ኮድ ሬትሮፊት የሚባል ነገር መኖሩን እንኳን አይወቅ። ያን ካደረጋችሁ፣ ቀኑ ሲመጣ የሚለወጠው ያ አንድ ቦታ ነው።

ሌሎችም ስለሚያነቡት ስለ ቀሩት ባጭሩ ልበል። ለአይፎን ብቻ በስዊፍት የሚጽፍ ሰው የአፕል ዩአርኤል ሴሽን ይበቃዋል፤ አላሞፋየርን የሚጨምረው ምን እንደጎደለው ካወቀ በኋላ ይሁን። በፍላተር የሚሠራ ዲዮን ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ጥያቄ መሰረዝ፣ ፋይል ሲላክ ስንት በመቶ እንደደረሰ ማሳየትና ኢንተርሴፕተር አለው። በሪአክት ኔቲቭ አክሲዮስን የሚጠቀም ደግሞ ታይምአውቱን፣ ማለት መልስ የሚጠበቅበትን የጊዜ ገደብ፣ ራሱ ይሙላ፤ እንዳለ ሲመጣ ዜሮ ነው፣ ትርጉሙም ላይብረሪው በራሱ ጥበቃውን አያቋርጥም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

አንድ የቢቸና ርክክብ እንውሰድ። ሠራተኛው 3 ኩንታል ነጭ ጤፍ መዝኖ «ላክ» አለ። ጥያቄው ሰርቨር ደረሰ። ሰርቨሩ ዳታቤዝ ላይ ጻፈው። «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ሲመለስ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ስልኩ የሚያውቀው መልስ አለመምጣቱን ብቻ ነው። ጥያቄው ሳይደርስ ቀረ? ወይስ ደርሶ መልሱ ጠፋ? ከስልኩ በኩል ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ቮሊም፣ ሬትሮፊትም፣ ኬቶርም ሊለዩት አይችሉም። ሠራተኛው ምን ያድርግ? ደግሞ ይጫናል። የገበሬው ሒሳብ 6 ኩንታል ይሆናል።

ይህ ለኮድ ጸሐፊ ትንሽ ስህተት ይመስላል። መጋዘኑ ሲቆጠር ግን እህሉና መዝገቡ አይገናኙም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ ነው። ሰርቨሩን አይደለም የሚጠይቁት። ገበሬውም ቢሆን «ተሳስተን ነው፣ ግማሹን መልስ» ሲባል ከዚያ በኋላ ዩኒየኑን በምን ያምናል? ስለዚህ ይህን ክፍል ከሁሉም በፊት እንድትሠሩት እለምናችኋለሁ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ርክክብ ስልኩ ላይ ሲፈጠር የማይደገም መለያ ቁልፍ ይሰጠው፤ ዩዩአይዲ ይበቃል። ቁልፉ መፈጠር ያለበት ሠራተኛው አዲስ ርክክብ ሲከፍት ነው እንጂ «ላክ» ሲጫን አይደለም። ሲጫን ከተፈጠረ ሁለቴ ሲጫን ሁለት ቁልፍ ይሆናል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቁልፉ ከርክክቡ ጋር ስልኩ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ሙከራም ያው ቁልፍ ይላክ።

በሰርቨሩ በኩል ያ ቁልፍ የሚቀመጥበት ዓምድ «ዩኒክ»፣ ማለት ድግግሞሽ የማይቀበል ይሁን። ቁልፉና ርክክቡ በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፉ፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ ሁለቱም አይጻፉም። ያው ቁልፍ ዳግመኛ ሲመጣ ሰርቨሩ አዲስ አይጽፍም፤ ስህተትም አይመልስም። የመጀመሪያውን መልስ ነው ደግሞ የሚሰጠው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። «ተደግሟል» የሚል ስህተት ከመለሳችሁ ስልኩ አልተሳካም ብሎ ያስባል፣ ሠራተኛውም እንደ አዲስ ይሞላዋል። ያው ቁልፍ በሌላ ኩንታል ከመጣ ግን ያ እውነተኛ ስህተት ነው፤ 409 የሚለውን የስህተት ኮድ መልሱ።

ስክሪኑ ላይ ያለውን አዝራር ማጥፋት፣ ማለት «ላክ» አንዴ ከተጫነ በኋላ አዝራሩ እንዳይሠራ ማድረግ፣ ጥሩ ነው፤ አድርጉት። ብቻውን ግን አያድንም። ባትሪ ያልቃል፣ ሰው አፑን ዘግቶ ይከፍታል። ኦክኤችቲቲፒም ቢሆን የቆየ ግንኙነት ተበላሽቶ ሲያገኘው አንዳንድ ጊዜ ዝም ብሎ በሌላ ግንኙነት ይሞክራል። ይህ ባሕርዩ በአብዛኛው ይጠቅማል፤ ሰርቨራችሁ ድግግሞሽን የሚለይ ከሆነ የምትፈሩበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ፣ መላኩን ከስክሪኑ አላቁት። ሠራተኛው ሲጨርስ ርክክቡ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይጻፍ፣ ለምሳሌ «ሩም» በሚባለው የአንድሮይድ የዳታቤዝ ላይብረሪ። ከዚያ የወጪ ወረፋው ውስጥ ይግባ፣ የጀርባ ሥራን የሚያስኬደው የአንድሮይድ ላይብረሪ ወርክማኔጀር ያንሳውና ይላከው። ወርክማኔጀር ኔትወርክ ሲኖር ብቻ ሥራ እንዲጀምር ማድረግ ይቻላል። ሳይሳካ ሲቀር ቆይቶ ይሞክራል፤ እንዳለ ሲመጣ የመጀመሪያው ቆይታ 30 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ እየተራዘመ ይሄዳል። ሥራውን በልዩ ስም አስገቡት፤ አለበለዚያ ሁለት ላኪዎች አንዱን ወረፋ ይሻሙበታል። አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው የጀርባ ሥራን በጣም ያዘገያሉ። ስለዚህ አፑ በተከፈተ ቁጥር ወረፋውን ቀስቅሱት።

ለሠራተኛው የሚታየው ነገር ግልጽ ይሁን። «ስልክ ላይ ተቀምጧል» እና «ዩኒየኑ ዘንድ ደርሷል» ይበቃሉ። የሚሽከረከር ክብ ብቻ ማሳየት ሰውን ደግሞ እንዲጫን መጋበዝ ነው። ገበሬውን ፊት ለፊት አቁሞ ስክሪን እያየ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አትርሱ።

የትኛው ስህተት ዳግም ይሞከር? ሁሉም አይደለም። ኔትወርክ ተቆርጦ ከሆነ ይሞከር። ሰርቨሩ 500ና ከዚያ በላይ ከመለሰ፣ ወይም 408 ወይም 429 ካለ ይሞከር። 400 ወይም 422 ካለ የተላከው መረጃ ራሱ ችግር አለበት፤ ሺህ ጊዜ ቢላክ አይቀበለውም። ያን ለሠራተኛው አሳዩት። 401 ከሆነ መግቢያው ጊዜው አልፎበታል፤ ቶክኑ (የመግቢያ ማረጋገጫው) ይታደስ፣ ርክክቡ ግን ከወረፋው አይጥፋ። ሬትሮፊት እዚህ ላይ ያግዝሻል። ከ2.6 እትም ጀምሮ ሰስፔንድ ፈንክሽን (መልስ እስኪመጣ ስክሪኑን ሳያግድ የሚጠብቅ የኮትሊን ፈንክሽን) ይቀበላል። የኔትወርክ ችግር አይኦ ኤክሴፕሽን ሆኖ ይመጣል፣ ሰርቨሩ እምቢ ሲል ኤችቲቲፒ ኤክሴፕሽን ሆኖ ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ካች ጠቅልሎ «ችግር ተፈጥሯል» ማለት ግን ይህን ጥቅም መጣል ነው።

ከመላክ በፊት «ኢንተርኔት አለ ወይ» ብሎ መጠየቅም ብዙ አያስተማምንም። ፓኬጅ ያለቀበት ስልክ አናቱ ላይ 4ጂ ያሳያል፣ አንድ ባይት ግን አያልፍም። ልኮ ማየት ነው መልሱ።

ወደ ታይምአውት። ኦክኤችቲቲፒ ለመገናኘት፣ ለማንበብና ለመጻፍ ለእያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ይሰጣል። ለጠቅላላው ጥያቄ ግን ገደብ የለውም፤ «ኮል ታይምአውት» ዜሮ ነው። የማንበቢያው 10 ሰከንድ የሚቆጠረው በአንድ ንባብና በሚቀጥለው መካከል ነው። ደካማ ኔትወርክ ላይ ባይቱ ጠብ ጠብ እያለ ከመጣ ገደቡ ላይ ሳይደርስ ደቂቃዎች ሊነጉዱ ይችላሉ። እኔ ለእናንተ ዓይነት ትንንሽ ጥያቄ መገናኛውን 15፣ ማንበቢያውን 30፣ ጠቅላላውን 60 ሰከንድ አድርጌ እጀምራለሁ። ከዚያ ሜዳ ላይ የሚታየውን አይቶ ማስተካከል ነው። ለፎቶ የተለየ ይሁን። ለዚያ አዲስ ክላየንት ከባዶ አትፍጠሩ፤ ካለው ላይ «ኒው ቢልደር» ብላችሁ ታይምአውቱን ብቻ ቀይሩ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እያንዳንዱ ኦክኤችቲቲፒ ክላየንት የራሱን የግንኙነት ክምችት ይይዛል። ሥራ የፈቱ እስከ 5 ግንኙነቶችን ለ5 ደቂቃ ክፍት አድርጎ ያቆያል፣ ለሚቀጥለው ጥያቄ እነሱን መልሶ ይጠቀማል። በየጥያቄው አዲስ ክላየንት የሚፈጥር ኮድ ይህን ሁሉ ያጣል። ዋጋውን በቁጥር እንየው። ከስልክ ወደ ሰርቨር ደርሶ መልስ 600 ሚሊሰከንድ ይወስዳል እንበል። ግንኙነት መክፈት አንድ ምልልስ ነው። ግንኙነቱን በሚመሰጥረው በቲኤልኤስ 1.2 የምስጠራ ቁልፍ መለዋወጥ ሁለት ምልልስ ይጨምራል። ጥያቄው ራሱ ሳይላክ 1.8 ሰከንድ ሄደ። ሰርቨራችሁ ቲኤልኤስ 1.3ን ከፈቀደ ከዚያ ላይ አንድ ምልልስ ይቀንሳል። ሲጠቃለል፣ መላው አፕ አንድ ክላየንት ይኑረው።

ስለ አማርኛ ፊደል ቃል ገብቼልሽ ነበር። ቮሊ ተራ ጽሑፍ ሲቀበል ሰርቨሩ የፊደሉን ኢንኮዲንግ በሄደሩ (ከመልሱ ጋር በሚመጣው መግለጫ) ካልነገረው የላቲን ፊደል ነው ብሎ ይተረጉመዋል። «አበበ» የነበረው የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ለጄሰን የተሠራው ጥያቄው ግን ዩቲኤፍ 8 ነው የሚለው። አንዱ ገጻችሁ አማርኛውን በትክክል እያሳየ ሌላው ካበላሸ እዚህ ፈልጉት። የፍላተር መደበኛው ኤችቲቲፒ ፓኬጅም ለተራ ጽሑፍ ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። ኦክኤችቲቲፒ ሄደሩ ዝም ካለ ዩቲኤፍ 8 ብሎ ይወስዳል። ላይብረሪው ምንም ይሁን ምን ግን ሰርቨሩ «ቻርሴት» ላይ ዩቲኤፍ 8 ብሎ ይጻፍ፤ አንድ መስመር ነው።

መጠኑም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ዳታ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ከኪሱ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ይይዛል። የፒኤችፒም የፓይተንም የጄሰን መጻፊያ ካልነገርሽው ግን እያንዳንዱን ፊደል ወደ 6 ባይት ኮድ ይቀይረዋል። «ደብረ ማርቆስ» 22 ባይት መሆኑ ቀርቶ 43 ይሆናል። በፒኤችፒ «አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ» የሚለውን አማራጭ፣ በፓይተን «ኢንሹር አስኪ»ን ፎልስ ማድረግ ይፈታዋል። ከዚያ በላይ የሚረዳው መረጃውን የሚጨምቀው ጂዚፕ ነው። ኦክኤችቲቲፒ ጂዚፕን በራሱ ይጠይቃል፣ በራሱም ይፈታል። «አክሴፕት ኢንኮዲንግ» የሚባለውን ሄደር በእጃችሁ ከጻፋችሁት ግን መፍታቱን ለእናንተ ይተወዋል፤ ስለዚህ አትንኩት። ሰርቨራችሁ ኤንጂንኤክስ ከሆነ ጂዚፕ ቢበራም በነባሪው የሚጨምቀው ኤችቲኤምኤልን ብቻ ነው። ጄሰንን በዝርዝሩ ላይ ጨምሩ።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይጻፍ፣ እኛ አገር ግን በጣም የሚያጋጥም ነገር። የስልክ ቀን።

ባትሪው ሞቶ የተነሣ ስልክ ቀኑ ሊዛባ ይችላል። ከዚያም በላይ ደግሞ ስልኩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አለ። ዓመቱን 2018 ብሎ ይሞላዋል። ስልኩ ግን የሚረዳው የፈረንጆቹን 2018 ነው። የሰርቨራችሁን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ደግሞ የተሰጠው ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስልኩ «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላም አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትን 2፡00 ብሎ ሲሞላ ስልኩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰርተፍኬቱ ያልፍ ይሆናል፣ የርክክቡ ሰዓት ግን ተሳስቶ ይመዘገባል፤ ስልኩ ላይ የቶክን ማብቂያ ጊዜ የምታሰሉ ከሆነም ይዛባል።

ይህ ሲያጋጥም መጥፎ ምክር የምታገኙት ቀላል ነው። «ሁሉንም ሰርተፍኬት እመን» የሚል አጭር ኮድ በየቦታው አለ። እባካችሁ እንዳታስገቡት። ያን ካስገባችሁ በመንገድ ላይ ያለ ማንም ሰው የገበሬውን ስምና ሒሳብ ማንበብ፣ ኩንታሉንም መለወጥ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የቲኤልኤስ ስህተቱን ለይቶ መያዝና የስልኩን ዓመት ማየት ነው። ዓመቱ አፑ ከተሠራበት ዓመት በፊት ከሆነ «የስልክዎ ቀን ተሳስቷል፤ ሴቲንግ ገብተው ቀንና ሰዓቱን ‹ከኔትወርክ ይውሰድ› ያድርጉት» ብላችሁ በአማርኛ ንገሩት። የርክክቡንም ሰዓት ከስልኩ ብቻ አትመኑ፤ ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓት አብሮ ይጻፍ።

በአሮጌ ስልክ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ነፃውን የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት ያሉ ስልኮች የእሱን ሥር ሰርተፍኬት አያውቁትም። ቀኑ ትክክል ሆኖ አሮጌ ስልኮች ላይ ብቻ እምቢ ካለ ይህን ጠርጥሩ። ኦክኤችቲቲፒ ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ሞጁል አለው። የስልኩን የታመኑ ሰርተፍኬቶች ይዞ ያንን አንድ ሥር ብቻ ይጨምርበታል። ይህ ሁሉንም ከማመን ጋር በፍጹም አይገናኝም።

ሙከራውን ቢሮ ዋይፋይ ላይ ብቻ አታድርጉት። ኦክኤችቲቲፒ «ሞክ ዌብሰርቨር» የሚባል የሐሰት ሰርቨር አለው። ጥያቄውን ተቀብሎ መልስ ሳይሰጥ መስመሩን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ያን አስመስሉና ወረፋው ያንኑ ቁልፍ ይዞ ዳግም መላኩን አረጋግጡ። ኢሙሌተሩ (ኮምፒውተር ላይ ያለው የስልክ ማስመሰያ) ላይም ኔትወርኩን ቀርፋፋ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ውጡ። ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ኔትወርክ መጣ ሄደ ሲል ያውቃል፤ ሩቅ ሳትሄዱም ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ ማንኛውም ቀበሌ ይበቃችኋል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፣ ኦክኤችቲቲፒ ላይ የሚጨመረው ሎግ መጻፊያ ስትፈትሹ በጣም ይረዳችኋል። ለሠራተኛው በምትሰጡት አፕ ላይ ግን የጥያቄውን ይዘት እንዲጽፍ አታድርጉት። የገበሬው ስልክ ቁጥርና የሠራተኛው ቶክን እዚያ ላይ ተገልጦ ይቀመጣል።

በቮሊ የጀመራችሁትን ሁለት ገጽ አሁኑኑ አፍርሱ አልልም። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ያንን የዩኒክ ዓምድ ጨምሩ፣ ከስልኩም ቁልፉን መላክ ጀምሩ። ይህ ከቮሊ ጋርም ይሠራል፤ ድግግሞሹ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የቮሊን 2.5 ሰከንድ አራዝሙ። ቀጥሎ የርክክቡን ገጽ ብቻ ወደ ሬትሮፊትና ወደ ወረፋው አዛውሩት። ሌላኛው ገጽ የዕለቱን የእህል ዋጋ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ተረጋግታችሁ በኋላ ትመለሱበታላችሁ። ሰርቨሩን በምን እንደጻፋችሁት ብትነግሪኝ፣ ቁልፉንና ርክክቡን በአንድ ትራንዛክሽን የሚጽፈውን ኮድ በዚያው ቋንቋ ጽፌ እልክልሻለሁ።